አዲስ የጌሚንግ ኮምፒውተርና ጠረጴዛ፦ ከየት ልጀምር?

ጀማሪው27

ሰላም ለሁላችሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ የምገጣጥመው ኮምፒውተር ዕቃው ተሟልቷል፤ ካርቶኖቹን ከመክፈቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው።

ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 7600 ሲሆን ማቀዝቀዣው አብሮት የመጣው ነው። ማዘርቦርዱ ቢ650፣ ራሙ 2 ፍሬ ባለ 16 ጊጋ ዲዲአር5 6000፣ ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 4070 ሱፐር፣ ኤስኤስዲው ባለ 1 ቴራ ኤም.2፣ ፓወር ሰፕላዩ 750 ዋት። ኬዙ መካከለኛ ታወር ነው፤ ጎኑ መስታወት፣ ከፊት 2፣ ከኋላ 1 ፋን አለው። ሞኒተሩ 27 ኢንች፣ 1440ፒ፣ 165 ኸርዝ (በሰከንድ 165 ጊዜ ምስሉን የሚያድስ)።

ጠረጴዛው 120 በ60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከፍታው 75፣ ገጹ 18 ሚሊ ሜትር ችፑድ። ወንበሩ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ክንድ ማሳረፊያው ግን አይንቀሳቀስም። ቁመቴ 1.63 ሜትር። አሁን በላፕቶፕ አንድ ሰዓት ከተቀመጥኩ ትከሻና አንገቴን ይይዘኛል።

ጠረጴዛው ይቀየር ወይስ ይበቃል? ኬዙ ከላይ ይሁን ከታች? ሲገጣጠምስ ጀማሪ የሚሳሳተው ምኑ ላይ ነው?

ወገብ_ይቅደም

ጠረጴዛውን አትቀይር፤ የሚያምህ ከፍታው ነው። 75 ሴንቲ ሜትር የሚመቸው ቁመቱ 1.80 ለሚጠጋ ሰው ነው። አንተ እግርህን ወለል አስረግጠህ፣ ጭንህ አግድም ሆኖ ስትቀመጥ ክርንህ የሚውለው ከወለሉ 65 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ጠረጴዛው ከዚያ በ10 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፣ ኪቦርዱ ደግሞ ሌላ ከ2 እስከ 4 ይጨምርበታል። እጅህ እንዲደርስ ሳይታወቅህ ትከሻህን ትሰቅላለህ። ትከሻውን ሰቅሎ አንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው አንገቱን ባይዘው ነበር የሚገርመው።

የጠረጴዛው እግር እንጨት ከሆነ አራቱንም እኩል 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር አስቆርጠው፤ ከሁሉ የሚሻለው ይኼ ነው። ብረት ከሆነ ወንበሩን ክርንህ ከኪቦርዱ እኩል እስኪሆን ከፍ አድርግና ከእግርህ ሥር 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ማሳረፊያ አስገባ። ማሳረፊያው የማይንሸራተትና ሁለቱንም እግር ከነተረከዙ የሚይዝ ሰፊ ነገር ይሁን። እግርን በወንበሩ ጎማዎች ላይ መስቀል አይተካውም፤ የወንበሩ ጠርዝ የጭንህን ሥር ተጭኖ እግርህን ያደነዝዘዋል። ከጠረጴዛው ሥር የሚሳብ የኪቦርድ ትሪ የሚመክሩህ ይኖራሉ። ለጽሑፍ ሥራ ጥሩ ነው፤ ለጌም ግን ይወዛወዛል፣ ለማውስም ቦታ የለውም።

ወንበሩ ላይ እስከ መጨረሻው ገብተህ ተቀመጥ፤ ከወንበሩ ጠርዝ እስከ ጉልበትህ ጀርባ ሁለት ሦስት ጣት ይቅር። መደገፊያው 90 ዲግሪ ቀጥ ማለት የለበትም፣ ከ100 እስከ 110 ሲሆን የጀርባህን ክብደት ራሱ ይሸከምልሃል። ክንድ ማሳረፊያው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እየተጋጨ እንዳትጠጋ የሚከለክልህ ከሆነ ብሎኖቹን ፍታና አውጣው። የማይስተካከል ክንድ ማሳረፊያ ከሌለው ወንበር ይብሳል።

ስክሪኑን በመጨረሻ አስተካክል፤ ወንበር ሲቀየር ዓይንም ስለሚቀየር። የላይኛው ጠርዝ ከዓይንህ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ወንበሩን ከፍ ካደረግህ ዓይንህ ከጠረጴዛው ገጽ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ የ27 ኢንች ሞኒተር ቁመት ከነጠርዙ 36 ወይም 37 ነው። ስለዚህ የታችኛው ጠርዝ ከጠረጴዛው 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ሲል ልክ ይመጣል። ሰው መጽሐፍ እየደረደረ ከፍ የሚያደርገውን ያህል አይደለም።

የሚያስቸግርህ ርቀቱ ነው። ለ27 ኢንች ከዓይን እስከ ስክሪን ከ65 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይመቻል። 60 ጥልቀት ባለው ጠረጴዛ ላይ የሞኒተሩ መቆሚያ ብቻውን ከ20 እስከ 25 ስለሚበላ ስክሪኑ ፊትህ ላይ ይመጣል። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የሚታሰር የሞኒተር ክንድ አስገባለት። ከመግዛትህ በፊት ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ ሞኒተሩ ጀርባ ላይ 100 በ100 ሚሊ ሜትር የሆኑ አራት የብሎን ቀዳዳዎች መኖራቸውን። ሁለተኛ፣ ክንዱ ሲታጠፍ ክርኑ ወዴት እንደሚወጣ፤ ብዙዎቹ ወደ ኋላ ስለሚታጠፉ ጠረጴዛው ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ስክሪኑን ወደ ኋላ መግፋት አትችልም። 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተውለት።

ችፑድ ደግሞ የሞርሳውን ጫና በአንድ ነጥብ አይችልም፤ ውስጡ ይደቅና ክንዱ ያጋድላል። ከላይም ከታችም 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላሜራ ወይም ኮምፔንሳቶ አስገብተህ እሰረው። ክንዱ ባለ ጋዝ ስፕሪንግ ከሆነ ጥንካሬውን የምታስተካክለው ሞኒተሩ ከተሰቀለበት በኋላ ነው። ሞኒተሩን ስታወርድ ክንዱን ወደ ታች ይዘህ ካልሆነ ተስፈንጥሮ አገጭህን ያገኘዋል።

ካቻቪቴ

አካሉን ጨርሶልሃል፤ እኔ ወደ ማሽኑ።

ማዘርቦርዱን ኬዝ ውስጥ ከማስገባትህ በፊት በራሱ ካርቶን ላይ አስቀምጠህ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ኤስኤስዲውንና ማቀዝቀዣውን ግጠም። ጠባብ ኬዝ ውስጥ ገብቶ መታገል የብዙ ጀማሪ ችግር ምንጭ ነው። ስታቲክ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው ከመጀመርህ በፊት የኬዙን ብረት ነካ አድርግ፣ በየመሃሉም ደጋግመው።

በዚህ የፕሮሰሰር ሶኬት ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ ፀጉር ያክላሉ፣ ጣት ከነካቸው ይታጠፋሉ። ፕሮሰሰሩን በጠርዙ ይዘህ፣ የሦስት ማዕዘን ምልክቱን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አገናኝተህ ዝም ብለህ ልቀቀው። አትጫነው። ማንሻውን ስትዘጋ ጠንከር ይላል፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ ክዳንም ራሱ ይፈናጠራል፤ አትደንግጥ።

ራሙ 2 ፍሬ ስለሆነ ከፕሮሰሰሩ ወዲህ ስትቆጥር 2ኛውና 4ኛው ማስገቢያ ላይ ነው የሚገባው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ኤ2 እና ቢ2 ይላቸዋል። 1ኛውና 3ኛው ላይ ብታስገባው በ6000 መሥራቱ ያጠራጥራል። ወደፊት ሌላ 2 ፍሬ ልጨምር እንዳትል፤ በዚህ ፕሮሰሰር 4 ፍሬ ሲሆን አምራቹ የሚደግፈው ፍጥነት ወደ 3600 ይወርዳል። ተጨማሪ ከፈለግህ 2ቱን አውጥተህ ባለ 32 ጊጋ 2 ፍሬ ተካ።

ኤስኤስዲው ለፕሮሰሰሩ ቅርብ የሆነው ማስገቢያ ላይ ይግባ። በላዩ የሚጫነው የብረት ማቀዝቀዣ ሥሩ ላይ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎበታል፤ ላጠው። ይህን የሚረሳ ሰው ብዛቱ አይነገርም።

ከ7600 ጋር የሚመጣው ማቀዝቀዣ ሥሩ ላይ ሙቀት አስተላላፊው ፓስታ ተቀብቶ ነው የሚመጣው፤ ሌላ አትጨምርበት፣ በጣትም አትንካው። በመጀመሪያ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት ፕላስቲክ መያዣዎች 4 ብሎን ፈትተህ አንሳ፤ የጀርባው ብረት በቦታው ይቆያል። ከዚያ 4ቱን ባለ ስፕሪንግ ብሎኖች በሰያፍ፣ ሁለት ሁለት ዙር ብቻ እያልክ እያፈራረቅህ አጥብቅ። አንዱን ጎን ቀድመህ ከጨረስህ ሌላው ጎን ይነሳል፣ ሙቀቱም በማግስቱ ያስረዳሃል። የፋኑ ገመድ ሲፒዩ ፋን የሚለው ላይ ይሰካ።

አሁን ግራፊክስ ካርዱን ሳታስገባ ሞክረው። 7600 የራሱ ግራፊክስ ስላለው የማዘርቦርዱ ኤችዲኤምአይ ላይ ሞኒተር ሰክተህ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) መግባት ትችላለህ። ሁለት የኃይል ገመድ ብቻ ይበቃል፦ ትልቁ ባለ 24 ፒን እና ከላይ በግራ ጥግ ያለው ባለ 8 ፒን የፕሮሰሰር ገመድ። የፕሮሰሰሩ 8 ፒን 4 እና 4 ሆኖ ይከፈላል፣ የግራፊክስ ካርዱ 6 እና 2 ሆኖ። ይመሳሰላሉ፤ አይተካኩም፤ በግድ አትጫን። ሌላ የምታውቀው ፓወር ሰፕላይ ገመድ ይዘህም እንዳትመጣ፤ ሶኬቱ ቢገጥም እንኳ ውስጡ ያለው የሽቦ ቅደም ተከተል ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ዕቃ ያቃጥላል።

ኬዙ ውስጥ ማዘርቦርዱን የሚሸከሙትን የናስ እግሮች ቁጠር። ቦርዱ ቀዳዳ በሌለው ቦታ የቆመ እግር ካለ ፍታው፤ ከጀርባ ነክቶ ሾርት ያደርጋል። የዩኤስቢ 3 ሰፊው ሶኬት ደግሞ ደረቅ ነው፤ አቅጣጫውን ሳታይ ከገፋኸው ፒኑ ይታጠፋል።

ግራፊክስ ካርዱ ባለ 16 ፒን ትንሽ ሶኬት ነው ያለው። ከካርዱ ጋር የመጣውን መለወጫ የምትጠቀም ከሆነ ከፓወር ሰፕላዩ 2 የተለያዩ ገመዶች አምጣለት፤ አንዱን ገመድ ለሁለት አትክፈል። ሶኬቱና ካርዱ መካከል ክፍተት እስኪጠፋ ግፋው፣ በባትሪ አብርተህ ከጎን እየው። ከሶኬቱ እስከ 3.5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ገመዱ አይታጠፍ። በግማሽ የገባ ሶኬት ነው ቀልጦ የሚገኘው።

ሁለት_ፌዝ

ስለ ኬዙ ቦታ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልበል። ከታች። 120 ሴንቲ ሜትር ላይ 27 ኢንች ሞኒተር፣ ኪቦርድና ለማውስ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ወርድ ካሰብህ ለኬዝ የሚተርፍ የለም። መስታወቱ ያለው በግራ ጎኑ ስለሆነ እንዲታይህ በቀኝ በኩል ካስቀመጥኸው የማውሱን ቦታ ነው የሚበላው።

ከታች ማለት ግን ወለል ላይ ማለት አይደለም። ፓወር ሰፕላዩ አየር የሚስበው ከሥር ነው፤ ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ታፈነ ማለት ነው። 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ መቆሚያ ሥራለት፣ ከኋላው ከግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ በሩ የተዘጋ የጠረጴዛ ሳጥን ውስጥ እንዳታስገባው። የፋኖቹን አቅጣጫም አረጋግጥ፦ አየሩ የሚወጣው የፕላስቲክ መስቀሎቹ በሚታዩበት በኩል ነው። ከፊት ያሉት ሁለቱ መስቀላቸው ወደ ውስጥ፣ የኋላው ወደ ውጭ።

ካቻቪቴ ያልጠቀሰው አንድ ነገር፦ የጎኑን መስታወት ስትፈታ ሴራሚክ ወለል ላይ እንዳታቆመው። ይህ መስታወት በገጹ ቡጢ ይችላል፤ ጠርዙ ግን ደካማ ነው፣ ሴራሚክ ደግሞ ከእሱ ይጠነክራል። በማዕዘኑ ቀስ ብለህ ብታሳርፈው እንኳ እንደ ጨው ይበተናል። የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አጋድመው።

ለኤሌክትሪኩ፣ ይህ ማሽን ጌም ላይ ሆኖ ከሞኒተሩ ጋር ከ350 እስከ 450 ዋት ይስባል። ኤርዝ ያለው አንድ ጥሩ ማከፋፈያ ይበቃዋል፤ እዚያው ላይ ማሞቂያ ወይም ካውያ አትሰካ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ካሰብህ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቪኤ ትተህ ዋቱን አንብብ። 1000 ቪኤ የሚለው ብዙ ጊዜ 600 ዋት ነው። ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሚሰጥ ቢሆን ይመረጣል፤ አሁን ያሉት ፓወር ሰፕላዮች በርካሾቹ ዩፒኤሶች የተቆራረጠ ሞገድ ላይ መብራት በሄደ ቅጽበት የሚጠፉበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ዩፒኤሱ መኖሩ ምንም አልፈየደም።

ወገብ_ይቅደም

ከሁለት_ፌዝ ጋር እስማማለሁ፤ ግን ኬዙ ከታች ሲሆን ለእግር ማሳረፊያው ቦታ እንዳይሻማ ወደ ዳር ይገፋ። ገመዱንም አስብበት። ሞኒተሩ ክንድ ላይ ሆኖ ኬዙ ከታች ከሆነ 1.5 ሜትር የቪዲዮ ገመድ ሊያጥር ይችላል፤ 2 ሜትር ያዝ፣ ክንዱ ሲንቀሳቀስ እንዳይወጠርም በመታጠፊያው ላይ ላላ አድርገህ ተወው።

መስኮት ካለ ከጎንህ ይሁን እንጂ ከፊትህም ከኋላህም አይሁን።

ጀማሪው27

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በካርቶኑ ላይ ገጥሜ አበራሁት። ፋኑ ይዞራል፣ ሞኒተሩ ግን ጥቁር ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ዲራም ከሚለው አጠገብ ቢጫ መብራት በርቷል። ራሙ ተበላሽቶ ይሆን?

ካቻቪቴ

አይዞህ፣ አታጥፋው። ይህ የፕሮሰሰርና የማዘርቦርድ ዓይነት መጀመሪያ ሲበራ ራሙን ይለማመዳል፤ በዲዲአር5 ያ ነገር ደቂቃዎችን ይወስዳል፣ እስከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ነው። በመሃል ካጠፋኸው ከመጀመሪያው ይጀምራል። 15 ደቂቃ ስጠው። ካለፈ ኃይሉን ነቅለህ አንዱን ራም አውጣ፣ ሌላውን 2ኛው ማስገቢያ ላይ ጠቅ እስኪል ጫነውና በአንድ ፍሬ ብቻ ሞክር። በአንዱ ተነስቶ በሌላው ካልተነሳ ያኔ ራሙን ጠርጥር።

ባዮስ ከገባህ ኤክስፖ የሚለውን (ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራውን) አብራ። ካላበራኸው ራሙ በ4800 አካባቢ ነው የሚሠራው። እንደገና ሲነሳ ያው ልምምድ ሊደገም ስለሚችል አሁንም ጠብቅ። ዊንዶውስ ከጫንህ በኋላ ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለው ላይ 6000 ማለቱን እይ።

ለዊንዶውሱ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፤ ግን የማዘርቦርዱን የኔትወርክ ድራይቨር ቀድመህ ፍላሹ ላይ ጫን። ዊንዶውስ 11 ሲጫን ኢንተርኔት ይጠይቃል፣ ድራይቨር ከሌለው ደግሞ ኢንተርኔት የለም። ከዚያ የቺፕሴቱን፣ ቀጥሎ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር።

ሙቀቱን ስትከታተል ፕሮሰሰሩ ከባድ ሥራ ላይ ከ80 በላይ ቢያሳይ አትረበሽ፤ የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ 95 ዲግሪ ነው። ምንም ሳይሠራ 70 ካሳየ ግን ማቀዝቀዣው በትክክል አልተቀመጠም።

ጀማሪው27

ከ6 ደቂቃ በኋላ መጣ! ሁሉም ተጭኖ አለቀ፤ ካርዱም ገብቷል። አሁን የቀረኝ፦ ዊንዶውስ ውስጥ 60 ኸርዝ ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ ጌሙም ይጎተታል።

ሁለት_ፌዝ

ገመዱ የት ነው የተሰካው? ለሙከራ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተኸው ነበር። እዚያው ከቀረ ምስሉ የሚመጣው ከፕሮሰሰሩ ትንሽ ግራፊክስ ነው፤ 4070ው ዝም ብሎ ተቀምጧል። ስክሪኑ ስለሚሠራ ማንም አይጠረጥረውም። ከታች በአግድም ከተደረደሩት የካርዱ ሶኬቶች አንዱ ላይ አዛውረው፣ ከሞኒተሩ ጋር የመጣውን ዲስፕሌይፖርት ተጠቀም። የብዙ ሞኒተር ኤችዲኤምአይ በ1440ፒ 144 ላይ ይቆማል።

ከዚያ የዊንዶውስ ሰቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብተህ 165 ምረጥ። ራሱ አይመርጥልህም። አሁንም ከሌለ የሞኒተሩን የራሱን ሜኑ እይ፤ አንዳንዱ ላይ ከፍተኛው ፍጥነት ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ጌሙ ውስጥ ደግሞ ቪሲንክ (ፍሬሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስረው) ወይም የፍሬም ገደብ 60 ላይ እንዳይሆን። ሞኒተሩ ፍሪሲንክ ወይም ጂሲንክ (ስክሪኑ ከካርዱ ፍሬም ጋር እኩል እንዲሄድ የሚያደርግ) ካለው እሱን አብርተህ ፍሬሙን ከ165 ትንሽ ዝቅ አድርገህ፣ 160 ገደማ ላይ ገድበው፤ ምስሉ አይቆራረጥም፣ ካርዱም በከንቱ አይሞቅም።

ገመዱን ስትነቅል ተጠንቀቅ፤ ብዙው የዲስፕሌይፖርት ሶኬት ላይ ትንሽ መቆለፊያ አለች። እሷን ሳትጫን ከጎተትኸው የካርዱን ሶኬት ይዞ ነው የሚመጣው።